ቀስ ብሎ መሮጥ ያሳፍራል

በወንዶች ማደሪያ በየጧቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ሲጥ ሲል ሰምታችሁ፣ ብርድ ልብሳችሁን እየተከናነባችሁ የተራገማችሁ ሁሉ፣ በሩን የሚከፍተው እኔ ነኝ። አንዳንዱ «ማራቶን» ይለኛል፤ አንዳንዱ «ሻምበል» እያለ ያፌዝብኛል። አንዲት የክፍላችን ልጅ ደግሞ መመገቢያ አዳራሽ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቆሜ አይታኝ «ምነው፣ ለእንጀራው ጊዜ እግርህ ታሰረ?» ብላኛለች። የጋዜጣችን አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለ ሩጫህ አንድ ነገር ጻፍ» ሲለኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ እሺ፣ ነገ እያልሁ ያቆየሁት ሰንፌ አይደለም። እውነቱን ከጻፍሁ መምህራኖቻችንም ያነቡታል ብዬ ፈርቼ ነው። አሁን ግን ይነበብ ብያለሁ።

እውነቱም ይኸ ነው። እኔ ወደዚህ ተቋም ስመጣ መምህር ልሁን ብዬ አልመጣሁም። የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ሳይሆን ቀረ። አባቴ «መምህርነት ምን አለው፣ ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ ነው» አለኝ፤ እኔም እሺ ብዬ ፎርሙን ሞላሁ። በሆዴ ግን ሌላ ዕቅድ ይዤ ነበር። ደብረ ማርቆስ መንገድ አለ፤ ጧት ጧት እሮጣለሁ፤ ዓመት ሳይሞላ አንዱ ክለብ ያየኛል፤ ከዚያ በኋላ ጠመኔ ደኅና ሁን።

ይኸን ዕቅድ ለማንም አልነገርሁም እንጂ ለራሴ በማስረጃ አስደግፌው ነበር። መሰለች መልካሙ የተወለደችው እዚሁ ደብረ ማርቆስ አይደለም እንዴ? አየሩ ያው አየር፣ ዳገቱም ያው ዳገት ነው። አበበ ቢቂላስ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አገሩ ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ ሲል፣ ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲጨርስ ባዶ እግሩን አልነበረም? እኔ ከርሱ የምበልጥበት አንድ ነገር ነበረኝ፤ ጫማ። ከልባሽ ተራ ተከራክሬ የገዛሁት ሲሆን ግራው ከቀኙ በግማሽ ቁጥር ይበልጣል።

የመጀመሪያውን ጧት እስካሁን አልረሳውም። ወርኀ ጥቅምት ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከግቢው በር እንደ ጥይት ወጣሁና ወደ ጨሞጋ በሚወስደው መንገድ ተፈተለክሁ። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳልሞላ ጎኔን ወጋኝ፤ ጉሮሮዬ ደም ደም አለኝ፤ የማታው ሽሮ ተመልሶ መጣ። መንገድ ዳር አጎንብሼ ስተፋ አንድ ሽማግሌ ቡሉኳቸውን ተከናንበው ሁለት በሬዎች እየነዱ ደረሱ።

«አንት ልጅ፣ ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተ፣ አባባ።»

«ታዲያ ማን አባረረህ?»

«ስፖርት ነው።»

ትንሽ አዩኝና «እግዜር ይማርህ» ብለው በሬዎቻቸውን ተከተሉ።

አባባ አልተሳሳቱም። በኛ አገር ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው በሜዳው አይሮጥም። ሲሮጥ የታየ እንደሆነ ወይ መርዶ ይዟል፣ ወይ ከብቱ የሰው ቡቃያ ገብቶበታል፣ ወይም ሰርቋል። ስለዚህ ከዚያ ጧት በኋላ የሠራሁት ሥራ ቢኖር ሰው ባለበት መንገድ በፍጥነት ማለፍ፣ ሰው በሌለበት ቆሞ ማለክለክ ነበር። ፈጥኖ የሚሮጥ ሰው ጉዳይ ያለው ይመስላል፤ ቀስ ብሎ የሚሮጥ ግን ምን ይባላል? ሦስት ሳምንት እንዲህ ሁኜ ቆየሁ።

በሦስተኛው ሳምንት የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን ደረጃው ላይ እያነከስሁ ስወርድ አገኙኝ። «ስንት ደቂቃ ነው የምትሮጠው?» አሉ። «ዐሥራ ሁለት» አልሁ፤ በኩራት። «እሺ፤ ነገ አርባ ደቂቃ ትሮጣለህ። ግን እያወራህ።» «ከማን ጋራ ጋሼ?» ብል «ከራስህ። የማባዛት ሠንጠረዥ ጮክ ብለህ በል። ትንፋሽ አጥሮህ ቁጥሩ ከተቋረጠ ፈጥነሃልና ቀንስ» አሉኝ። መቼም ሰውዬው ይቀልዱብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወረቀት አውጥተው አስረዱኝ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ በያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጂንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውነት ይኸን ለማካካስ ቀይ የደም ሴል ያበዛል፤ ስለዚህም እዚህ የሠለጠነ ቆላ ሲወርድ ይቀልለዋል። ልብና ሳንባ ሩጫን በሳምንታት ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ልብ «ሂድ» ሲል አጥንት «ቆይ» ይላል፤ የሚሰበረውም ልብን የሰማ ነው አሉኝ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ አለማለታቸውን አመስግኜአለሁ። ያ ተረት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያልተጻፈበት ሰሌዳ የለም።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ከዳገቱም ከብርዱም፣ ከጮቄ በኩል ከሚወርደውም ነፋስ ይልቅ የከበደኝ በሰው ፊት ቀስ ብሎ መሮጥ ነው። የሃያ ዓመት ጎረምሳ «ሰባት ጊዜ አንድ ሰባት፣ ሰባት ጊዜ ሁለት ዐሥራ አራት» እያለ እንደ ዳክዬ ሲሄድ አስቡት። በገበያ ቀን አንዲት እናት ድንች በጀርባቸው አዝለው ዳገቱ ላይ እኩል ደረስን፤ እሳቸው በርምጃ፣ እኔ በሩጫ። ጎን ለጎን ስንሄድ ቆየንና «አይዞህ ልጄ፣ ደርሰሃል» ብለውኝ አለፉ! መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ከሁሉም የባሰው ከባሕር ዛፎቹ ሥር በግ የሚጠብቅ አንድ ልጅ ነው። «ሰባት ጊዜ ስምንት…» ብዬ ትንፋሼን ስስብ ከጥጉ ሁኖ «ሃምሳ ስድስት!» ብሎ ጮኸ። በማግሥቱም ጠበቀኝ። ትምህርቱ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ ጧት ጧት እዚያው ነው የሚገኘው። እሱ እንዳያርመኝ ስል ሠንጠረዡን ማታ ማታ አጠና ጀመር።

ልምምዱን በቁጥር ላስቀምጠው፤ የሚጠይቁኝ አሉና። በመጀመሪያው ወር በሳምንት አራት ቀን፣ ሦስቱን ቀን አምስት አምስት ኪሎ ሜትር፣ እሑድን ስምንት። ከዚያ እሑድ እሑድ ብቻ ጥቂት እየተጨመረ ዐሥር፣ ዐሥራ አንድ፣ ዐሥራ ሁለት፤ በየአራተኛው ሳምንት ደግሞ እረፍት እንዲሆን ወደ ኋላ መመለስ። ይኸን ሁሉ በሥነ ትምህርት ደብተሬ ጀርባ ጽፌዋለሁ። ጥር ሲገባ እሑዴ 18 ደርሶ ነበር።

በዚያን ሰሞን ነው መምህሩ የመሰለችን ነገር ያጫወቱኝ። በ1996 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ የዓለም ወጣቶች አገር አቋራጭ አሸናፊ ሆነች። ነሐሴ 2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ በ10,000 ሜትር በአንዲት ዐሥረኛ ሴኮንድ ተቀድማ ሁለተኛ ወጣች። የመጀመሪያ ማራቶኗን ግን የሮጠችው ጥቅምት 18 ቀን 2005 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ላይ ነው፤ ያንኑም በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ1 ሴኮንድ አሸነፈች። ከብራስልስ እስከ ፍራንክፈርት ከስምንት ዓመት በላይ መሆኑ ነው። መምህሩ ይኸን ያሉኝ ለማበረታታት ነበር። እኔ ግን በሆዴ «ስምንት ዓመት!» አልሁ። የኔ ዕቅድ ዓመት ነበራ።

ከዚያ ወዲያ አንድ ክለብ ለሙከራ ሯጮችን ሊያይ ነው የሚል ወሬ መጣ፤ የቀረው ጊዜ ሦስት ሳምንት ነበር። ለመምህሩ ሳልነግር እሑድን ከ18 ወደ 27 አሻገርሁት፤ ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ ዳገት በፍጥነት ጨመርሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ መልቀምም አልቻልሁ። በዐሥራ አንደኛው ቀን ቅልጥሜን በቢላ እንደ ተፋቀ ያህል አመመኝ። የማስተማር ልምምዳችን የተጀመረውም በዚያው ሰኞ ነበር።

ሦስተኛ ክፍል ነው የደረሰኝ። ልጆቹ ባንድ ዴስክ አራት አራት ተቀምጠዋል፤ ከኋላ ገምጋሚዬ ቅጹን ይዘው ተቀምጠዋል። የዕለቱ ትምህርት የርዝመት መለኪያ፣ ሜትርና ኪሎ ሜትር። በትምህርት ዕቅዴ «መግቢያ፣ 5 ደቂቃ» ብዬ በቀይ አስምሬበታለሁ። ከሰሌዳው ወደ ጠረጴዛው ስሄድ እንደ ፌንጣ በአንድ እግሬ ነው። አምስት ደቂቃው ሳያልቅ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ እግርዎን ምን ሆኑ?»

«ሮጬ ነው።»

«ማን አባረሮዎት?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የሽማግሌው ጥያቄ ጥቅምት ላይ ያለፈ መስሎኝ ነበር፤ ለካ መልስ አልሰጠሁትም። ምን ላድርግ፤ ስለ ማራቶን ነገርኋቸው። ርቀቱ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው ስል አንዱ «195ቷ ለምን ተጨመረች?» አለ። (እውነቱን ነው። እንግሊዞች በ1900 ዓ.ም. ሎንደን ላይ ከቤተ መንግሥት አስነሥተው ስታዲየሙ ውስጥ ከንጉሣውያኑ መቀመጫ ፊት እንዲያልቅ ስለ ለኩት ነው፤ በ1913 ዓ.ም. ያው ርቀት ለሁሉም ተወሰነ። ለልጆቹ ግን «ንጉሡ ከፊታቸው እንዲያልቅ ፈልገው ነው» ብቻ አልኋቸው፤ በቂ ሆነላቸው።) ቀጥሎም «42 ኪሎ ሜትር ስንት ነው?» አሉኝ። ስንት ነው ሲባል ምን ይባላል? ዕቅዴን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ዐሥር ሜትር ገመድ ይዘን ሜዳ ወጣን። ለካን። ዙሪያው 240 ሜትር ሆነ፤ አራት ዙር አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። አራት ጊዜ 42፣ 168 ዙር፤ የጎደለውን ስንሞላበት ወደ 176 ይጠጋል። ልጆቹ «ኡ ኡ!» አሉ። ገምጋሚዬ ቅጹን በብብታቸው ይዘው የገመዱን ሌላ ጫፍ እሳቸው ነበሩ የያዙልኝ።

ያቺ እጇን ያወጣችው ልጅ ግን አልጮኸችም፤ በጣቷ ትቆጥራለች። ቤቷ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ መሆኑን ነገረችን። የልጅ ርምጃ ነው ብለን አራት ኪሎ ሜትር አልነው፤ ደርሶ መልስ ስምንት። ሰኞ ስምንት፣ ማክሰኞ ዐሥራ ስድስት እያለች ዐርብ ላይ አርባ ደረሰች። «ሁለት ይጎድለኛል» አለች። ጥቂት አሰበችና «ቅዳሜ ገበያ እሄዳለሁ» አለች።

የምለው ጠፍቶኝ ገመዱን መጠቅለል ጀመርሁ። እኔ ማንም ያልሠራውን ልሠራ የተነሣሁ መስሎኝ ሳለ ይቺ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደብተሯን በፌስታል አንጠልጥላ በየሳምንቱ ትጨርሰዋለች፤ እሷን ማንም «ሻምበል» አይላትም። ገምጋሚዬ ለዕቅድ አጠባበቅ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጡኝ፤ ይገባኛል። ለተማሪ ተሳትፎ የሰጡኝን ግን አልናገርም፤ ጉራ ይሆንብኛል።

ሙከራው ደረሰ። እግሬ በመጠኑ ሽሮልኝ ስለነበር ሄድሁ። ዐሥር ኪሎ ሜትር ነው። ለሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ከፊተኞቹ ጋር ነበርሁ፤ ከዚያ እነሱ ሄዱ። «ሄዱ» ስል ሌላ ቃል ስላጣሁለት ነው፤ አልታገሉም፣ አልተንፈራገጡም፣ ዝም ብለው ሄዱ። አንደኛው ከ31 ደቂቃ በታች ገባ፤ እኔ በ38። ሰዓት የያዘው ሰውዬ እኔ ስደርስ ደብተሩን አጥፎታል። ስሜን ንገሩኝ ቢል እንኳ አንድ ነገር ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት አልሮጥሁም። በሩ ዝም አለ። ያን ጊዜ ሲራገሙ የነበሩት የማደሪያዬ ልጆች «ታመምህ እንዴ?» እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር፤ አንዱማ «በሩ ሳይጮህ ስቀር እንቅልፌ አይሞላም» አለኝ። ለምን እንደ ተመለስሁ ብትጠይቁኝ ያማረ ምክንያት የለኝም። አንድ ጧት በልማድ ነቃሁ፤ ጨለማው ውስጥ ተጋድሜ ከመቆጨት ብወጣ ይሻላል ብዬ ወጣሁ። በጉን የሚጠብቀው ልጅ ባሕር ዛፉን ተደግፎ «ምነው ጠፋህ? እኔ ስምንትን ጨርሼ ዘጠኝ ላይ ነኝ» አለኝ። ያን ቀን የዘጠኝን ሠንጠረዥ እሱ እየመራ እኔ እየተከተልሁ እስከ ድልድዩ ሮጥን። እሱ በባዶ እግሩ ነው፤ ቀስ በል እያልሁ የለመንሁትም እኔ ነኝ።

ወዲያው ዐቢይ ጾም ገባ። እናቴ መሮጤን ስትሰማ ያዘዘችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጾሙን እንዳልፈታ። ስለዚህ 55ቱን ቀን ልምምዱን ወደ ማታ አዞርሁት፤ 9 ሰዓት ላይ እበላለሁ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ስትበርድ እወጣለሁ። በዚያ ወራት ርቀት አልጨመርሁም፤ የያዝሁትን ጠብቄ ቆየሁ። ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ እናቴ ጉንጬን ይዛ «አጥንት ብቻ ሁነህ መጣህ» ብላ አለቀሰች። ስመለስም አንድ ቁና የገብስ በሶ አስይዛኛለች፤ ቁናው ያለቀበትን ምክንያት ማደሪያዬ ውስጥ የምትኖሩ ታውቃላችሁ።

ከፋሲካ ወዲህ እሑዱ 22፣ 25፣ 28 እያለ መጥቶ ባለፈው እሑድ 32 ኪሎ ሜትር ሆነ። አንድ ጓደኛዬ በብስክሌት ውሃና በሶ ይዞ ተከተለኝ፤ ርቀቱንም በስልኩ ለካልኝ። እስከ 28 ድረስ እንዲያውም ዘፈን ቢጤ እያንጎራጎርሁ ነበር። 29ኛው ላይ ግን ሰው መብራቱን እንዳጠፋብኝ ሆነብኝ። በጡንቻና በጉበት የተጠራቀመው ስኳር ሲያልቅ የሚመጣ ነው፤ ብዙ ሯጭ 30 ገደማ ላይ ያገኘዋል ብለው መምህሩ ቀድመው ነግረውኝ ነበር። ግን መስማትና መቅመስ ለየቅል ነው። እግሬ የሰው እግር መሰለኝ። ጓደኛዬ «ሰባት ጊዜ ስምንት?» ብሎ ሲፈትነኝ «ስድሳ ሦስት» አልሁት። በማር የተበጠበጠ በሶ አጠጣኝና አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ተራመድን። ከዚያ የቀረውን ሮጥሁ፤ ለማየት አያምርም ነበር።

ክለብ ቢጠራኝ ዛሬም እሄዳለሁ፤ አልዋሽም። የጠራኝ ግን የለም። መስከረም ላይ የሚጠራኝ አንድ ትምህርት ቤት ነው፤ የት እንደሚሆን አላውቅም፤ ሜዳው ዙሪያው ስንት ሜትር እንደሆነ ለማየት ግን ከአሁኑ ቸኩያለሁ።

ማራቶኑን የሰኔ ዝናብ ሳይጠናብን፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ እሮጠዋለሁ። ሽልማት የለው፣ የደረት ቁጥር የለው። ከግቢው በር ተነሥቼ በዋናው መንገድ 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ሄጄ መመለስ ነው። ሁለት ልጆች በብስክሌት ይከተሉኛል። ከ3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በፊት አትጠብቁኝ። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች አብሮኝ መሮጥ የሚፈልግ ቢኖር ደስ ይለኛል፤ ከኔ ፈጥኖ እንዳይሮጥ ብቻ። ደግሞም ካልሲዬ ሁለቱም ተረከዛቸው አልቋል፤ አንድ ጥንድ የጥጥ ካልሲ የሚያበድረኝ ካለ አልጋዬ ከበሩ አጠገብ ያለው ነው።